ጉዳት ቀን ይመርጣል እንዴ?

በእኛ በስፖርት ሳይንስ ዲፓርትመንት የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ወሬ ከተነሳ አንድ ክርክር አይቀርም። ተጎድቶ የውድድር ዘመኑ ለባከነበት ተማሪ ተጨማሪ ዓመት መስጠት ፍትሕ ነው ወይስ አድልዎ? ብዙ ጓደኞቼ «አድልዎ ነው» ይላሉ። በበኩሌ ዓመቱ መሰጠቱ ተገቢ ነው፣ ፍትሕ የጎደለው ዓመቱ የሚሰጥበት መስፈርት ነው ባይ ነኝ። ምክንያቴን እነሆ።

በቅድሚያ ደንቡን እንመልከት። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ የተባለው ማህበር በከፍተኛው ዲቪዚዮን ለረጅም ዘመን የሠራበት ደንብ፣ አንድ ስፖርተኛ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት የውድድር ዘመን ይወዳደራል የሚል ነው። የተጎዳ ተማሪ ያ ዘመን እንዳይቆጠርበት ከፈለገ ሦስት ነገር ማሟላት ነበረበት። አንደኛ፣ ጉዳቱ የቀረውን ውድድር የሚያስቀረው መሆኑ በሕክምና ማስረጃ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛ፣ ጉዳቱ የደረሰው በዘመኑ የመጀመሪያ አጋማሽ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ከሦስት ወይም ከ30 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው ማለፍ የለባቸውም። 12 ግጥሚያ ባለው የአሜሪካ ፉትቦል ይህ አራት ጨዋታ ይሆናል። አምስተኛው ላይ ለአንድ ደቂቃ ገብቶ የጉልበቱ ጅማት ቢበጠስስ? በቃ፣ ዓመቱ ተቆጠረበት።

እስቲ ይህን ከሌላ ደንብ ጋር እናስተያየው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አንድ የፉትቦል ተጫዋች ምንም ሳይጎዳ እስከ አራት ጨዋታ ተሰልፎ ቀሪውን ከተቀመጠ ዘመኑ እንዳይቆጠርበት ተፈቅዷል። ሬድሸርት የሚሉት ይህንን ነው። እንግዲህ ልብ በሉ! አሠልጣኙ «ዘንድሮ ቁጭ በል» ያለው ጤነኛ ልጅ ዓመቱ ሲተርፍለት፣ አምስተኛው ጨዋታ ላይ በቃሬዛ የወጣው ልጅ ዓመቱን ያጣል። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ ማህበሩ ከዚህም በላይ ለጋስ ነበር። የ2020–21 የውድድር ዘመን ሙሉውን ለተጫወቱት ሳይቀር አልተቆጠረባቸውም። ወረርሽኙ ከማንም ቁጥጥር ውጪ ነው ተብሎ። የተበጠሰ ጅማትስ በማን ቁጥጥር ሥር ነው?

ነገሩ ለእኛ ተማሪዎች ሩቅ አይደለም። በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በሴሚስተሩ መሃል በጠና የታመመ ተማሪ የሕክምና ማስረጃ አቅርቦ ዊዝድሮዋል ይሞላል፣ ሲሻለው ሪአድሚሽን ጠይቆ ይመለሳል። «ሚድ ከተፈተንክ በኋላ ስለታመምክ ሴሚስተሩ ይቆጠርብሃል» ብንለው ማን ፍትሕ ነው ይለዋል?

የተቃዋሚዎችን ሐሳብ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ዋናው መከራከሪያቸው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ አዲሱን የፍርድ ቤት ስምምነት የተቀበሉ ኮሌጆች በፉትቦል ከ105 ተጫዋች በላይ አይዙም ተብሏል። ስለዚህ አንድ ነባር ተጫዋች ሲቆይ አንድ ፍሬሽ ተማሪ በር ላይ ሊቀር ይችላል። ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ደግሞ ካም ማኮርሚክ ነው። በኦሪገን በ2016 ጀምሮ በ2024 በማያሚ ዘጠነኛ ዓመቱን ተጫወተ። ዘጠኝ ዓመት ሲባል ያስደነግጣል፣ እውነት ነው። ግን እኮ ልጁ በ2018 በመጀመሪያው ጨዋታ እግሩን ተሰብሮ ዓመታት ከሜዳ ርቋል፣ በ2021 ተመልሶ ወዲያው ደግሞ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ከዘጠኙ አንዱም የኮቪድ ዓመት ነው። ሊቆጠር የሚገባው በኮሌጁ የኖረበት ዘመን ሳይሆን የተወዳደረበት ነው። ለፍሬሹ ተማሪም ቢሆን ይህ ደንብ ዋስትናው ነው፣ ነገ እሱም ሊጎዳ ይችላልና።

እ.ኤ.አ. በ2025 «ለሁሉም አምስት ዓመት፣ አምስት የውድድር ዘመን» የሚል ሐሳብ በሰፊው ሲነሳ ነበር። ቀላልና ግልጽ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ከተጎጂው አንፃር ሲታይ ጤነኛው አምስት ሲወዳደር የተጎዳው አራት ወይም ሦስት ይደርሰዋል። ሰዓቱ ለሁሉም እኩል ይሮጣል፣ ልዩነቱ አንዱ አልጋ ላይ መሆኑ ነው። የጉልበት ጅማት (ኤሲኤል) ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ስፖርተኛ ወደ ውድድር ለመመለስ ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ እንደሚፈጅበት በክፍል ተምረናል። አንድ የውድድር ዘመን ማለት ነው።

ሌላው ብዙ ያልተነገረለት ጉዳይ ስኮላርሺፕ ነው። የጉዳት ፈቃዱ የሚመልሰው የመወዳደር መብትን እንጂ የትምህርት ክፍያን አይደለም። ኮሌጁ «ፈቃድህን ይዘህ ሌላ ቦታ ፈልግ» ሊለው ይችላል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ለዚያው ኮሌጅ ማሊያ ሲጫወት የተጎዳ ልጅ ባዶ እጁን ይሸኛል።

እንደ እኔ አስተያየት የሚከተለው ቢደረግ መልካም ነው። የአጋማሽና የ30 በመቶ መስፈርቱ ቀርቶ፣ በጉዳት ምክንያት ከግማሽ በላይ ጨዋታ ያመለጠው ሁሉ ዘመኑ አይቆጠርበት። አምስተኛው ጨዋታ ላይ የወደቀው ልጅ የሚድነው ያኔ ነው። ማጭበርበር እንዳይኖር ደግሞ ማስረጃውን ከቡድኑ ደመወዝ የማይበላ ሐኪም ይመርምረው። የተጎዳበት ኮሌጅም ለተመለሰለት ዓመት ስኮላርሺፑን ይክፈል። ያለ ስኮላርሺፕ የተሰጠ ዓመት ለድሃ ልጅ ወረቀት ብቻ ነው።

ነገ ከእኛ መካከል አሠልጣኝ፣ የስፖርት ሐኪም ወይም የፌዴሬሽን ሠራተኛ የሚሆኑ አሉ። ደንብ የምናወጣው እኛ ስንሆን ጉዳቱ በየትኛው ቀን እንደደረሰ ሳይሆን ልጁ ምን እንዳጣ እንጠይቅ እላለሁ።