ያልደረሰን ደብዳቤ፦ ስለ ቤተሰብ ሚኒባሶችና ስለ ቤንዚን ሽታ

ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት ለማድረስ የቤታችንን ሚኒባስ ሞተር እንዳስነሣሁ፣ የ9 ዓመቷ ልጄ በሩን ከፍታ ገና አንድ እግሯን ከማስገባቷ “አባዬ፣ ቤንዚን ይሸታል” አለችኝ። “ትናንት ማታ ማደያ ገብቼ ስለ ነበር ነው” ብዬ መለስኩላት። በማግስቱም ያንኑ አለች፤ እኔም ያንኑ መለስኩ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ገና ከመግባቷ አፍንጫዋን ይዛ ስትወርድ ሞተሩን አጥፍቼ የፊቱን ወንበር አነሣሁ። ወንበሩ ሥር ካለው ሞተር ጎን ለጎን የሚያልፈው የነዳጅ ቱቦ እርጥብ ነበር። ዙሪያው ሁሉ አቧራ ለብሶ ሳለ ቤንዚኑ የወረደበት መስመር ብቻ ታጥቦ ያበራል። ቱቦው ከሁለት ወር በፊት ስሙን በማልጠቅሰው ጋራዥ የተቀየረ ሲሆን፣ ጫፉ የታሰረው በማጥበቂያ ቀለበት ሳይሆን በቀጭን ሽቦ ነበር።

ከ15 ዓመት በላይ ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ ጋዞች ባሕርይ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ይህን ሁሉ ይዤ ሦስት ቀን ሙሉ የልጄን አፍንጫ አላመንኩም።

አፍንጫ ሊታመን የሚገባው መሣሪያ ለመሆኑ ማስረጃው ቀላል ነው። ሰው የቤንዚንን ሽታ የሚለየው ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል አንዱን እንኳ ሳይሞላ ነው። የቤንዚን ትነት ለመቀጣጠል ግን ከአየሩ ቢያንስ 1.4 በመቶ፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 14 ሺህ ያህል መሆን አለበት። በሽታውና በእሳቱ መካከል ሰፊ ርቀት አለ ማለት ነው፤ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ይደርሰናል። ይሁን እንጂ ይህ መሣሪያ አንድ ክፉ ጉድለት አለው፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሽታውን ይለምደዋል። ሾፌሩ “አሁን ሽታው ጠፋ” ሲል የጠፋው ብዙ ጊዜ ሽታው ሳይሆን ስሜቱ ነው። ስለዚህ ከውጭ ንጹሕ አየር ስቦ የሚገባ ተሳፋሪ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ውስጥ ተቀምጦ ከቆየ መካኒክ ይልቅ ትክክለኛ ዳኛ ነው።

አሁን ወደ ትነቱ እንለፍ። ፈሳሹ ቤንዚን ራሱ አይነድም፤ የሚነደው ከአየር ጋር የተደባለቀ ትነቱ ነው። ለዚህም ትነቱ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ባለው ጠባብ መስኮት ውስጥ መገኘት ይኖርበታል። በታንኩ ውስጥ ያለው ትነት ከዚህ ጣሪያ እጅግ ስለሚበልጥ ታንኩ በተለመደው ሁኔታ ከውስጥ አይቀጣጠልም። ብዙ ሰው የሚፈራው ታንኩን ነው፤ እኔ ግን የምፈራው ቱቦውን ነው። ከቱቦው ያመለጠ ቤንዚን ወደ አየር በሚቀላቀልበት ጊዜ ያንን መስኮት አንድ ቦታ ላይ ማለፉ አይቀርምና። ቀዝቃዛ የአዲስ አበባ ጠዋትም አያድነንም፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል።

አንድ የቡና ሲኒ ቤንዚን ብናፈስስ ምን ይሆናል? ሲኒው 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። ይህ ሙሉ በሙሉ ቢተንና ከአየር ጋር ቢደባለቅ፣ በአዲስ አበባ የአየር ግፊት፣ ከ1 ሺህ ሊትር በላይ የሆነ ተቀጣጣይ አየር ይፈጥራል፤ አምስት በርሜል መሆኑ ነው። የአንድ የቤተሰብ ሚኒባስ ሆድ 5 ሺህ ሊትር ቢሆን፣ በሒሳብ ደረጃ አምስት ሲኒ ይበቃዋል። በእርግጥ የሚፈስሰው ሁሉ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ነፋስም ያጥበዋል። ነገር ግን የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ተንኖ ከመበተን ይልቅ ወለሉ ላይ፣ ምንጣፉ ሥር፣ ልጆች እግራቸውን በሚያሳርፉበት ቦታ ይተኛል። እሱን ለማቀጣጠል የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ከሩብ ሚሊ ጁል የማይበልጥ ነው። አንድ ግራም ክብደት ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ከፍታ ሲወድቅ የሚሰጠው ጉልበት ይህንኑ ያህላል። የሞተሪኖ ብልጭታም ሆነ የላላ የባትሪ ገመድ ብልጭታ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሚኒባሶችን ለይቼ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን በብዛት ያሉት የ1990ዎቹ ዓመታት ስሪቶች፣ ለምሳሌ ላይት ኤስና ታውን ኤስ፣ ሞተራቸው ከፊት ወንበር ሥር ነው። በሌላ መኪና ከኮፈኑ ሥር የሚቀረው ፍሳሽ በእነዚህ ከሾፌሩና ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው በታች ይሆናል፤ የሚለያቸውም አንድ ክዳንና ያረጀ የላስቲክ ማሸጊያ ብቻ ነው።

የእኔን መኪና ቱቦ ወደ ቤተ ሙከራ ወስጄ ተመለከትኩት። በላዩ ላይ የተጻፈው ምልክት 30አር7 የሚል ነበር፤ ለካርቡራተር የሚሠራ ቱቦ ነው። በካርቡራተር መኪና ፖምፓው የሚገፋው ከአንድ አትሞስፌር ሲሶ በማይበልጥ ግፊት ነው። የእኔ ሞተር ግን ነዳጁን በመርጨት የሚሠራ ሲሆን ግፊቱ ወደ 3 አትሞስፌር ይደርሳል፤ ለዚህ የሚገባው 30አር9 ተብሎ የሚታወቀው ዓይነት ነው። በ3 አትሞስፌር ግፊት ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ቤንዚን በሰከንድ ወደ 28 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይወረወራል። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር ይፈስሳል። ከላይ በቆጠርነው ልክ ሦስት ሲኒ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሁለቱ ቱቦዎች ግን ለዓይን መንታ ወንድማማቾች ናቸው፤ ልዩነታቸው በጎናቸው የታተመችው አንዲት አኃዝ ናት። ሽቦውን ላሰረው መካኒክ ይህን ስነግረው “ጋሼ፣ ቱቦ ቱቦ ነው” አለኝ። አልተቆጣሁትም፤ ማንም አስተምሮት አያውቅም። የተቆጣሁት የነዳጅ ፖምፓ ማስነሻው ሲበላሽበት ገመዱን “ቀጥታ” ያገናኘ ሌላ ባለሙያ እንዳለ ስሰማ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፖምፓውም እንዲቆም የተሠራው ሥርዓት በዚህ ይሰረዛል። መኪናው ተጋጭቶ ቱቦው ቢበጠስ ፖምፓው ቁልፉ እስኪዘጋ ድረስ ቤንዚን ሲረጭ ይቆያል።

ቱቦዎቻችንን ያስረጃቸው ሙቀትና ዕድሜ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ይሸጥ ነበር። ኢታኖልን ታሳቢ ሳያደርግ የተሠራ የቀድሞ ላስቲክ በእሱ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ድብልቁን አልቃወምም፤ የቱቦው ጉዳይ አብሮ መነሣት ነበረበት እንጂ።

ለዶክትሬት ትምህርቴ አሜሪካ ሳለሁ የገዛሁት ያገለገለ የቤተሰብ መኪና ነበረኝ። አንድ ቀን ከሠሪው ፋብሪካ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ በነዳጅ ቧንቧው መገጣጠሚያ ላይ ያለው የላስቲክ ቀለበት ሊደርቅና ሊያፈስስ ስለሚችል መኪናውን ያለ ክፍያ እንዲያስተካክሉልኝ ይዤ እንድቀርብ የሚጠይቅ። ሦስተኛ ባለቤቷ ነበርኩ፤ ሆኖም አገኙኝ። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣ ሕግ የፋብሪካው ግዴታ ነው። ያቺው መኪና በመርከብ ጅቡቲ ደርሳ አዲስ ታርጋ ብታገኝ ኖሮ ያ ደብዳቤ የት ይደርስ ነበር? ከጃፓን፣ ከአውሮፓና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች አገልግለው የመጡ መኪኖቻችን ጉድለታቸውን ይዘው ሲመጡ ደብዳቤያቸው እዚያው ይቀራል።

ይህ ጥያቄ እየከበደ እንጂ እየቀለለ አይሄድም። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የውሳኔውን ጥቅም ለሌሎች ትቼ፣ አንድ ውጤቱን ብቻ ልጥቀስ፦ አሁን በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች ተተኪ ስለማይመጣላቸው ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ ያገለግላሉ፤ ቱቦዎቻቸውም እንዲሁ።

የእኔ መኪና ለዓመታዊ ምርመራ በቀረበችበት ጊዜ ፍሬኗ፣ መብራቷና ጎማዋ ታይቷል፤ ስለ ነዳጅ ቱቦዋ የጠየቀኝ አልነበረም። በምርመራው ላይ ሁለት ነገሮች እንዲጨመሩ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሞተሩ እየሠራ ከታንኩ እስከ መርጫው ያለው መስመር በእጅና በዓይን ይፈተሽ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የሻንሲ ቁጥሩም በፋብሪካዎቹ የማስታወቂያ መዝገብ ላይ ይታይ፤ ብዙዎቹ መዝገቦች ለማንም ሰው በነጻ ክፍት ናቸው። ይህ እስኪሆን ድረስ አንባቢ በራሱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ሽታ ሲሰማ ሞተሩን አጥፍቶ ሰው ሁሉ ይውረድ፣ “እስቲ ልሞክረው” ብሎ ቁልፉን ዳግመኛ አያዙር። ቢቀጣጠል ውኃ አይድፋበት፤ ቤንዚን ከውኃ ስለሚቀልል ተንሳፍፎ እሳቱን ያስፋፋዋል፤ ለዚህ የሚሆነው የደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ነው። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ከልጆች ጋር በአንድ ጎጆ ውስጥ ስለመጫን ምን ልበል? በየመንገዱ የማየው ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የራሴን የሻንሲ ቁጥር በዚያው ሳምንት አስገብቼ አየሁ። ስለ ነዳጅ ቱቦ የተባለ ነገር አልነበረም። በሾፌሩ ፊት ስላለው የአየር ከረጢት ግን ከብዙ ዓመት በፊት የወጣ፣ እስካሁን ያልተፈጸመ ጥሪ አገኘሁ። ስለዚህኛው በሌላ እትም እመለሳለሁ።