ጥፋቱ የከሰሉ አይደለም

ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ወጥቶ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ፣ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ የሚጓዝ ሰው የተሰቀለ ሥጋና የሚጤስ ከሰል ሳያይ አይመለስም። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም፣ ለሥጋ ወዳጁ ከተሜ ዛሬም አንዱ መታወቂያቸው ሉካንዳ ቤት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከባልንጀሮቼ ጋር ሱሉልታ ከሚገኝ አንድ ቤት ገብተን ሁለት ኪሎ ጥብስ አዘዝን። የቀረበልን ጥብስ ከፊሉ እንደ ጠፍር የደረቀ፣ ከፊሉ ደግሞ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ገና ቀይ ነበር። አንደኛው ባልንጀራዬ «ያረሰ በሬ ነው» ብሎ በሬውን ወቀሰ። ጠባሹ ደግሞ ከሰሉ እርጥብ ነው ሲል አመካኘ። እኔ ግን ሁለቱም ያለ ጥፋታቸው ተወቀሱ ባይ ነኝ። ሥጋ እኩል እንዳይበስል የሚያደርገው ከሁሉ አስቀድሞ የቢላዋው አቆራረጥና በመጥበሻው ላይ የሚቆለለው ብዛት ነው።

ቢላዋውን እንመልከት። ቀይ ሥጋ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውኃ ነው፤ ሙቀትንም ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው ዝግ ብሎ ነው። ሙቀቱ እስከ መሐል ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከውፍረቱ ጋር በቀጥታ ሳይሆን ከውፍረቱ ካሬ ጋር ያድጋል። አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ መሐሉ እስኪበስል ሁለት ደቂቃ ቢፈልግ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነው አራት ደቂቃ አይበቃውም፤ ስምንት ደቂቃ ገደማ ይሻል። እንግዲህ ሁለቱ ቁራጮች በአንድ መጥበሻ ውስጥ ከተቀላቀሉ ለሁለቱም የሚስማማ ማውጫ ሰዓት ከቶ የለም። ጠባሹ ለትንሹ አዝኖ ቢያወጣ ትልቁ ጥሬ ይሆናል፤ ለትልቁ ቢታገሥ ትንሹ ይደርቃል። ሥጋውን ቀጭንና ረዥም አድርገው ለዝልዝል ጥብስ የሚያወጡ እናቶቻችን ስሌቱን በወረቀት ላይ ባይጽፉትም፣ እጃቸው ግን በሚገባ ያውቀዋል።

የመጥበሻው ነገር ከዚህም የከፋ ነው። ሁለት ኪሎ ሥጋ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥበት ሥጋው ውኃውን ይለቃል። አንድ ግራም ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ጁል ገደማ ይበቃል፤ ያንኑ አንድ ግራም ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ከ2,200 ጁል በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የከሰሉ ጉልበት በሙሉ በእንፋሎት ይባክናል፤ መጥበሻው ውስጥ ያለውም ሥጋ ከውኃው መፍያ መጠን በላይ አይሞቅም። በሱሉልታና በሰበታ ከፍታ ደግሞ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ከ91 እስከ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል። ጥብስን ጥብስ የሚያሰኘው ቡናማ ቀለምና ሽታ፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው የአሚኖ አሲድና የስኳር መዋሐድ ውጤት ሲሆን፣ ፈጥኖ የሚካሄደው ከ140 ዲግሪ ወዲያ ነው። የታጨቀ መጥበሻ እዚያ አይደርስም። ጥብስ አዝዘን የምንበላው ቅቅል ነው ማለት ነው።

ስለ ከሰሉ ጠባሹ ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም። ፍሙ በመሐል ተከምሮ ሲቀር የስሱ መጥበሻ መሐል ያቃጥላል፤ ጠርዙ ይቀዘቅዛል። ፍሙን እስከ ዳር መበተንና ወፍራም ብረት መጠቀም ይህን ያቃልላል። ሸክላ ደግሞ ሙቀትን ከብረት እጅግ ዝግ ብሎ ስለሚያሳልፍ ትኩስነትን ለማቆየት እንጂ ብዙ ሥጋ ፈጥኖ ለመጥበስ አይመረጥም።

ይህ ሁሉ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። በሰው ዓይነ ምድር የተበከለ ሣር የጋጠ ከብት በጡንቻው ውስጥ የኮሶ ትል እጭ ይቋጥራል፤ እጩን በሕይወቱ የበላ ሰው አንጀት ውስጥም ትሉ በርካታ ሜትር እስኪረዝም ያድጋል። እጩ የሚሞተው የሥጋው መሐል 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። የላዩ መጥቆር ስለ መሐሉ የሚነግረን ነገር የለም። ቁርጥ የሚበላ ሰው ጥሬ መብላቱን ያውቃል፤ ፈርቶም ሆነ ደፍሮ፣ ወስኖ ነው የሚበላው። ለብ ለብ ክትፎ ያዘዘም ስሙ ራሱ አስጠንቅቆታል። ጥብስ ያዘዘው ግን ከአደጋው የወጣ ይመስለዋል፤ ከሦስቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው።

የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ለሙሉ ቁራጭ የበሬ ሥጋ 63 ዲግሪና የሦስት ደቂቃ ዕረፍት፣ ለተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ እንዲደርስ ይመክራል። ለተፈጨው መጠኑ ከፍ ያለው በላይ የነበረው ተሕዋስ በመፈጨቱ ወደ መሐል ስለሚገባ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ዓይን ሊያነብ አይችልም፤ የተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ ሳይደርስ ቡናማ የሚሆንበት ጊዜ አለና። የሚያነበው ጫፉ ሹል የሆነ የምግብ ቴርሞሜትር ነው። በየቤተ ሙከራችን የብረት ዘንግ በሻማ እያሞቅን ስለ ሙቀት ዝውውር የምንማር ተማሪዎች ቴርሞሜትሩን ይዘን አንድ ቀን ወደ አንዱ ሉካንዳ ቤት ብንሄድ፣ ውፍረትና ጊዜን መዝግበን የካሬውን ሕግ በገዛ ምሳችን ላይ ልንፈትነው እንችላለን።

«ደንበኛ እየጠበቀ ሁለት ጊዜ ከፍሎ መጥበስ አይቻልም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በቅርቡ ሰበታ ላይ አንዱን ጠባሽ አንድ ኪሎውን እኩል አስቆርጦ በሁለት ዙር እንዲጠብስልን ለመንኩት። ሳቀብኝ፤ ግን እሺ አለ። መጥበሻው ውኃ ስላልያዘ ሁለቱም ዙሮች ተጨምረው ከጎናችን ጠረጴዛ አንድ ኪሎ ዘግይተው አልወጡም። ሁለተኛውን ዙር ሲያቀርብ፣ ለጎረቤቶቻችንም ሥጋውን ከፍሎ መጥበስ ጀምሮ ነበር።