የስድስቱ አገሮች የራግቢ ውድድርና ከበር ውጭ የቆመችው ጆርጂያ

እ.ኤ.አ ማርች 15 ቀን 2025 የዌልስ ብሔራዊ የራግቢ ቡድን በገዛ ከተማው በካርዲፍ፣ በገዛ ደጋፊዎቹ ፊት በእንግሊዝ አቻው 68 ለ14 በሆነ ሰፊ ልዩነት ተሸነፈ፡፡ ቡድኑ በ2024 እና በ2025 በተካሄዱት የስድስቱ አገሮች ውድድሮች ካደረጋቸው አሥር ጨዋታዎች በአንዱም ድል አልቀናውም፡፡

በዚያው ወር የጆርጂያ ብሔራዊ ቡድን የስፔን አቻውን በፍጻሜ ጨዋታ በመርታት፣ ከስድስቱ አገሮች ውጭ ያሉ ቡድኖች የሚሳተፉበትን የአውሮፓ ሻምፒዮና ለስምንተኛ ተከታታይ ጊዜ አሸነፈ፡፡ ይሁን እንጂ የሁለቱ ውጤቶች መራራቅ በቀጣዩ ዓመት ያስከተለው ለውጥ አልነበረም፡፡ ዌልስ በነበረችበት መቀመጫ ቀጠለች፤ ጆርጂያም በነበረችበት ቀረች፡፡

ይህ ሁኔታ በአውሮፓ የራግቢ አስተዳደር ውስጥ ለዓመታት ሲንከባለል የቆየውን ጥያቄ በድጋሚ አንስቶታል፡፡ ጥያቄውም በታላቁ ውድድር የመሳተፍ መብት የሚገኘው በሜዳ ውጤት ነው ወይስ በባለቤትነት? የሚል ነው፡፡

ውድድሩ በየዓመቱ ከጥር ወር መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ የሚካሄድ ሲሆን እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስ፣ አየርላንድ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ይሳተፉበታል፡፡ እያንዳንዱ ቡድን አምስት ጨዋታዎችን ያደርጋል፡፡ ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ዋንጫውን ይወስዳል፡፡ በመጨረሻው ደረጃ ላይ የሚገኘው ግን “የእንጨት ማንኪያ” የሚል የቀልድ ስም ከማትረፉ በስተቀር ወደ ታችኛው ምድብ የሚወርድበት ሥርዓት የለም፡፡ በእግር ኳስ ሊጎች የተለመደው የመውጣትና የመውረድ ደንብ በዚህ ውድድር አይሠራም፡፡

ለዚህ ዋነኛው ምክንያት የውድድሩ አመሠራረት ነው፡፡ ውድድሩ እ.ኤ.አ በ1883 ሲጀመር የአራቱ የብሪታኒያና የአየርላንድ ማኅበራት የእርስ በርስ ግጥሚያ ነበር፡፡ ፈረንሳይ በ1910 ስትቀላቀል አምስት፣ ኢጣሊያ በ2000 ስትጨመር ስድስት ሆኑ፡፡ ሁለቱም የገቡት በነባሮቹ ፈቃድ ነው፡፡ በውድድሩ ታሪክ ፈረንሳይ ከተሳትፎ የተወገደችበት ጊዜም ነበር፤ የተወገደችው ግን በውጤት ማነስ አልነበረም፡፡ ክለቦቿ ለተጫዋቾች በድብቅ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ጨዋታቸውም ኃይል የበዛበት ነው በሚል ክስ ከ1931 ውድድር በኋላ አራቱ ማኅበራት ግንኙነታቸውን አቋረጡ፡፡ ወደ ውድድሩ የተመለሰችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1947 ነው፡፡ በሩን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም የቤቱ ባለቤቶች መሆናቸውን ታሪኩ ያረጋግጣል፡፡

ባለቤትነቱ ከፍተኛ የገንዘብ ዋጋም አለው፡፡ ሲቪሲ የተባለው የግል ኢንቨስትመንት ኩባንያ እ.ኤ.አ በ2021 ከውድድሩ የንግድ ድርሻ አንድ ሰባተኛውን እስከ 365 ሚሊዮን ፓውንድ በሚደርስ ዋጋ ለመግዛት ተስማምቷል፡፡ ቀሪው ድርሻ የስድስቱ ማኅበራት ነው፡፡ ከቴሌቪዥን ስርጭትና ከስታዲየም መግቢያ የሚገኘው ገቢ ለብሔራዊ ቡድን ብቻ ሳይሆን ለወጣቶች ሥልጠናና ለየአካባቢው ክለቦችም ይውላል፡፡ በመሆኑም አንድ ማኅበር ለአንድ ዓመት እንኳ ከውድድሩ ቢወርድ ጉዳቱ በሜዳ ላይ ብቻ የሚወሰን አይሆንም፡፡

የነባሩ አሠራር ደጋፊዎች ለዚህ የኢጣሊያን ተሞክሮ በአብነት ይጠቅሳሉ፡፡ ኢጣሊያ እ.ኤ.አ ከ1995 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት አየርላንድን ሦስት ጊዜ፣ ፈረንሳይንና ስኮትላንድን ደግሞ አንዳንድ ጊዜ አሸንፋ ብቃቷን ካሳየች በኋላ ነው በሩ የተከፈተላት፡፡ በ2000 በሮም ባደረገችው የመጀመሪያ ጨዋታ ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ስኮትላንድን 34 ለ20 አሸነፈች፡፡ ሆኖም ከ2015 እስከ 2022 በውድድሩ 36 ጨዋታዎችን በተከታታይ ተሸንፋለች፡፡ የመውረድ ደንብ ቢኖር ኖሮ በእነዚያ ዓመታት ከውድድሩ በወጣች ነበር፡፡ መቀመጫዋ ስለተጠበቀላት ግን ወጣቶቿን ለማብቃት ጊዜ አገኘች፡፡ በማርች 2022 ዌልስን በካርዲፍ 22 ለ21 በመርታት የሽንፈቱን ሰንሰለት የበጠሰች ሲሆን፣ በ2024 ደግሞ ስኮትላንድንና ዌልስን አሸንፋ ከፈረንሳይ ጋር አቻ ወጥታለች፡፡

ይኸው ማስረጃ በሌላ በኩል ለጆርጂያ ጥያቄም ድጋፍ ይሆናል፡፡ ኢጣሊያን የገነባት ከጠንካራ ቡድኖች ጋር በየዓመቱ መጋጠሟ ከሆነ፣ ተመሳሳይ ዕድል ለሌላውም ሊሰጥ ይገባል የሚል መከራከሪያ ይቀርባል፡፡ በካውካሰስ አካባቢ የምትገኘው ጆርጂያ ከራግቢ ጋር የሚመሳሰል “ሌሎ” የተባለ ጥንታዊ ባህላዊ ጨዋታ ያላት ሲሆን፣ በርካታ ተጫዋቾቿም በፈረንሳይ ክለቦች ተቀጥረው ይጫወታሉ፡፡ እ.ኤ.አ በጁላይ 2022 በባቱሚ ከተማ ኢጣሊያን 28 ለ19፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ደግሞ ዌልስን በካርዲፍ 13 ለ12 አሸንፋለች፡፡ እነዚህ ድሎች የተገኙት በወዳጅነት ግጥሚያዎች በመሆኑ ለታላቁ ውድድር የሚያበቁ አልሆኑም፡፡

በተቃራኒው የጆርጂያ ዝግጁነት አልተረጋገጠም የሚሉ ወገኖች የ2023 የዓለም ዋንጫን ያነሳሉ፡፡ ቡድኑ በዚያ ውድድር ከፖርቱጋል ጋር አቻ ከመውጣቱ በስተቀር ሦስቱን ጨዋታዎች ተሸንፏል፡፡ የአገሪቱ የቴሌቪዥን ገበያ ትንሽ መሆኑና ሰባተኛ ቡድን ቢጨመር የጨዋታ ሳምንታት ቁጥር የሚበዛ መሆኑም እንደ ችግር ይታያል፡፡

እንደ መካከለኛ መፍትሔ የሚቀርበው ሐሳብ የስድስቱ አገሮች የመጨረሻ ቡድን ከአውሮፓ ሻምፒዮናው አሸናፊ ጋር የማጣሪያ ጨዋታ እንዲያደርግ ነው፡፡ ሐሳቡ ቁጥሩን ሳያበዛ በሩን በውጤት የሚከፍት ቢሆንም፣ የሚያጸድቁት ማኅበራት ራሳቸው መቀመጫቸውን ለአደጋ የሚያጋልጡ መሆናቸው እንቅፋት ሆኗል፡፡ የድምፅ አሰጣጡም ኃይላቸውን ያሳያል፡፡ ስድስቱ ማኅበራት በዓለም ራግቢ ምክር ቤት እያንዳንዳቸው ሦስት ድምፅ አላቸው፡፡ እ.ኤ.አ በ2020 በተካሄደው የሊቀመንበርነት ምርጫ እንግሊዛዊው ቢል ቦሞንት አርጀንቲናዊውን አጉስቲን ፒቾትን ያሸነፉት 28 ለ23 በሆነ ድምፅ ብቻ ነበር፡፡

በአንጻሩ ለውጥ ሊመጣ የሚችልበት ሌላ መንገድ እየተቀየሰ ይገኛል፡፡ ምክር ቤቱ በኦክቶበር 2023 ባሳለፈው ውሳኔ ከ2026 ጀምሮ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ቡድኖች ያሏቸው ሁለት ምድቦች በየሁለት ዓመቱ እንዲወዳደሩ ተወስኗል፡፡ ስድስቱ የአውሮፓ አገሮች በላይኛው ምድብ፣ ጆርጂያ በታችኛው ተመድበዋል፡፡ ከ2030 ጀምሮም በሁለቱ ምድቦች መካከል የመውጣትና የመውረድ ሥርዓት ተግባራዊ እንዲሆን ታቅዷል፡፡ ውሳኔው የስድስቱን አገሮች ውድድር በቀጥታ የሚነካ አይደለም፡፡

በአጠቃላይ ሲታይ ለነባር አባል ዋስትና የሆነው አጥር ለአዲስ አመልካች መሰናክል ሆኗል፡፡ ኢጣሊያን በክፉ ዓመታት ያቆያት፣ ዌልስንም ዛሬ የሚጠብቃት፣ ጆርጂያንም በውጭ ያስቀራት አንዱ ደንብ ነው፡፡ ከባለቤቶቹ የሚጠበቀው አጥሩን ማፍረስ ላይሆን ይችላል፡፡ ሆኖም በውጭ የቆመው ቡድን ምን ቢያሟላ እንደሚገባ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል፡፡ ይህ እስካልተወሰነ ድረስ የቲብሊሲ ድሎች ሲቆጠሩ ይኖራሉ እንጂ በር አይከፍቱም፡፡