ወረቀቱን አንብቦ ፖሙን የሳተ

ማየትና ማንበብ አንድ አይደሉም። በግሮሰሪው ጣሪያ ላይ ካሜራ ሰቅለው፣ ምስልንና ቃልን አዛምዶ የተማረ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከጀርባው ያቆሙ ነጋዴዎች ግን ሁለቱን ቀላቅለው ይሸጡልናል። ማሽኑ የጎደለውን መደርደሪያ ያያል፤ የተበላሸውን ፍሬ ያያል፤ ሸማቹ ያነሣውንም ዕቃ አይቶ ያለ ገንዘብ ተቀባይ ሒሳቡን ይዘጋል ይሉናል። ብልሃቱን አንክድም። የምንክደው «ያያል» የሚለውን ምስክርነት ነው።

ከሠሪዎቹ እንነሣ። ኦፕንኤአይ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ክሊፕ የተሰኘውን ሞዴል ይፋ አደረገ። ሞዴሉ ከኢንተርኔት በተሰበሰቡ 400 ሚሊዮን ምስሎችና አብረዋቸው በተጻፉ ቃላት የሠለጠነ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጉድለቱን ገለጡት። በአንድ አረንጓዴ ፖም ላይ «አይፖድ» ተብሎ በእጅ የተጻፈበት ወረቀት ለጥፈው አሳዩት። ማሽኑም 99.7 በመቶ እርግጠኛ ሆኖ «አይፖድ ነው» አለ።

በሰምና ወርቅ ያደገ አንባቢ ይህን ስሕተት ሳይነግሩት ያውቀዋል። ሰሙን ይዞ ወርቁን መሳት ነው።

«ያ የትናንት ወሬ ነው፤ የዛሬዎቹ ሞዴሎች በርትተዋል» የሚል አይጠፋም። በርትተዋል። ይሁንና ግሮሰሪ በወረቀት የተሸፈነ ዓለም ነው። በላስቲክ የታሰረ ሽሮ አጠገቡ ካለው በሶ በምን ይለያል? ወረቀት ካልተለጠፈበት በሽታና በጣዕም ነው። ቅቤው መቆየቱን የምታውቀው እናት በአፍንጫዋ ነው የምታውቀው። ካሜራ አፍንጫ የለውም። ቃሉም ቢሆን የእኛ አይደለም፤ የክሊፕ ምስሎች የተፈለጉት ከእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በተወሰዱ ቃላት ነበርና።

ስለ ገንዘብ ተቀባይዋም እንናገር። አማዞን ገንዘብ ተቀባይ የሌለበትን ሱቅ እ.ኤ.አ. በ2018 በሲያትል ለሕዝብ ከፈተ። ያ አሠራር የዛሬዎቹ ሞዴሎች ታላቅ ወንድም ነው፤ በካሜራና በመደርደሪያ ሚዛን ይሠራ ነበር። በ2024 ኩባንያው ይህንኑ አሠራር በአሜሪካ ካሉት ትልልቅ ግሮሰሪዎቹ እንደሚያነሣ አስታወቀ። በህንድ የተቀመጡ ሠራተኞች ግብይቱን ይመረምሩ እንደነበርም ተዘገበ። ኩባንያው ዘገባው ተጋንኗል፣ ሰዎቹ የሚያረጋግጡት ጥቂቱን ብቻ ነው ሲል መለሰ። ብዛቱን ለእነርሱ እንተወው። ሁለቱም ወገን ያልካዱት ይበቃናል፤ ማሽኑ ሲያቅተው የሚያይለት ሰው ነበረ። ገንዘብ ተቀባይዋ አልቀረችም፤ ከዓይናችን ራቀች እንጂ። ከፊታችን ሳለች «ተሳስተሻል» እንላት ነበር። ዛሬ ማንን እንበል?

ሙግታችን እዚህ ላይ ነው። ማሽን ዕቃ ይቁጠር፤ የጎደለውን መደርደሪያም ይጠቁም። በሰው ላይ ግን አይፍረድ። «ሳትከፍል ወጣህ» የሚለውን ቃል ከመናገሩ በፊት ስም ያለው፣ ፊቱ የሚታይ፣ ስሕተቱን በዚያው ቅጽበት ሊያርም ሥልጣን የተሰጠው ሠራተኛ ዕቃውን በእጁ ይዞ ይመልከት። ማሽኑ ሲስት ኪሳራው ማሽኑን ያቆመው ነጋዴ ይሁን፤ ሸማቹ ንጹሕነቱን እንዲያስረዳ አይገደድ።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይላል ያገራችን ሰው። ማንበቡን ለሚያነበው እንስጥ፤ ማየቱን ግን ለሚያይ እናቆይ።