ጿሚው ውሻ እና የፋሲካው ሳንባ

ፈረንጅ «ውሻዬን ሥጋ ከልክዬ በአተርና በአኩሪ አተር ብቻ ላኑረው ወይስ አላኑረው?» እያለ መከራከር ከጀመረ ሰነባበተ። ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ «አይ ጥጋብ!» ብለን ስቀን እናልፈዋለን። ግን ምኑ ያስቃል? የደብረ ታቦር ውሻ ያለ ሥጋ መክረምን ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። ረቡዕና ዓርብ ከቤተሰቡ ጋር ይጾማል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን። ማን ጠይቆት? የቤቱ ማዕድ ሽሮ ከሆነ የእሱም ድርሻ ሽሮ የነካው እንጀራ ነው፤ ያውም ከተረፈ። ከጉና ሥር በረት የሚጠብቀውማ የገብስ ቂጣ ቁራሽ ካገኘ ምን ይፈልጋል!

ይኖራል ታዲያ። በ2013 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ውሻ ከተኩላ የሚለይበት አንዱ ነገር እህል የመፍጨት ችሎታው ነው። ከሰው ደጅ ፍርፋሪ ሲለቅም ኖሮ ሆዱ ለመደው። (ድመት ግን ሌላ ናት፤ እሷን በሽሮ አኖራለሁ ማለት ግፍ ነው።) ስለዚህ «ውሻ ሥጋ ካልበላ ምኑን ውሻ ሆነ» የምትሉ እረፉ። እናንተም «ደረቅ እንጀራ ይበቃዋል» የምትሉ አትደሰቱ። ባቄላው፣ አተሩ ተቀቅሎ ይጨመርለት፤ ቡችላና የምታጠባ እናት ደግሞ እንቁላልም ወተትም ይሻሉ። ሽንኩርት የበዛበትን ወጥ ግን ተዉት፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የጾሙ ጉዳይ አይደለም፤ ፍስኩ ነው። ፋሲካ ሲደርስ በየጓሮው በግ ይታረዳል፣ የቅርጫ በሬ ይጣላል። ቄራ ቢሆን ሥጋ መርማሪው ውሃ የቋጠረውን ሳንባና ጉበት ለይቶ ያስወግደዋል። ጓሮ ውስጥ መርማሪ የለም። «ይሄስ ያስጠላል» እንልና ለውሻው እንወረውርለታለን። ሁለት ወር ሙሉ የጾመ ምስኪን፣ እሱም ያስፈስክ እንጂ! ደግነት መሆኑ ነው።

ያ ውሃ የቋጠረው ነገር የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል መፈልፈያ ነው። ውሻው ሲበላው ሆዱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣሩ ላይ፣ ውሃው ላይ፣ የውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። ውሻው ምንም አይመስል፤ ጅራቱን እየቆላ ይዞራል። በጉ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። ውሻውን ሲያሻሽ የዋለው ልጅም እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል። ልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ቋጠሮው ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ የሚታወቀው ምናልባት ካደገ በኋላ ነው። ያኔ ቀዶ ጥገና ይመጣል፤ ከገጠር ተነስቶ ሐኪም ቤት መመላለስ ይመጣል፤ የበሬ ሽያጭ ይመጣል።

ሽሮ በልቶ ይህን በሽታ ያመጣ ውሻ የለም። ሥጋ ልስጠው የሚልም ይስጥ፣ ማን ከለከለው? ግን ያንን ሳንባ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያንተክትከው። ቋጠሮ ያየበትን ደግሞ ያቃጥለው፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበረው። ለዶሮ ወጥ ከሌሊት ጀምሮ ሽንኩርት ስታቁላላ ለምታድር አገር፣ ለአንድ ድስት ሳንባ የሚሆን እንጨት ይጠፋል?