ጎማው ተነፈሰ እንጂ አልፈነዳም

ባለፈው ክረምት ከደብረ ብርሃን ስንመለስ የመኪናችንን ጎማ ሚስማር ወጋው። እንደምናረፍድ ልነግረው ውጭ አገር ላለው አርታኢ ደወልኩና በእንግሊዝኛ "ጎማችን ኤክስፕሎድ አደረገ" አልኩት። ሰውዬው ክው አለ። "የተጎዳ ሰው አለ?" እኔ ያልኩት የሁላችንንም "ጎማ ፈነዳብን" ነበር፤ እሱ የሰማው ፍንዳታ ነው። ዜና ከመሆኑ በፊት ለማስተባበል ላብ አጠመቀኝ።

ማለት የነበረብኝ "ዊ ሃቭ ኤ ፍላት ታየር" ብቻ ነው። እንግሊዞቹ "ፓንክቸር" ይሉታል። እየተነዳ ድንገት ለሚፈነዳው ደግሞ "ብሎውአውት" የሚል ሌላ ቃል አላቸው።

ከ9ኛ ክፍል እስከ ዲግሪ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። ፓሲቭ ቮይስ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝም አልስትም (ፈተና ላይ ስለሚመጣ)። የተነፈሰ ጎማ ግን መጥቶ አያውቅም። በአንጻሩ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ክሪክ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው፤ ያለ አንድ የሰዋስው ክፍለ ጊዜ፣ ከሥራው ጋር በጆሮ ገብተው ቀሩ።

ስለዚህ እንግሊዝኛችን ደከመ በተባለ ቁጥር ሌላ የሰዋስው መጽሐፍ ይታተም ከሚሉት ጋር አልስማማም። ተማሪው መጀመሪያ መንገድ ላይ ሲቆም ምን እንደደረሰበት መናገር ይልመድ።

አርታኢው ዛሬም ሲደውል ሰላምታው "ጎማህስ?" ነው።