«ሩጫ በደማችን ነው» ላላችሁኝ ባልደረቦቼ

ባለፈው ሳምንት የመምህራን ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው የተለመደው ነው፣ የተማሪ ውጤት። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ስብሰባ መጨረሻው «ቱቶሪያል» ነው። ጥሩ፣ ይኑር። ግን ሰዓቱ ከየት ይምጣ ሲባል አንዱ እጁን አወጣና «ከስፖርት» አለ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ይሰጥ ተባለ።

ተነስቼ ልከራከር ሞከርኩ። ያኔ ነው በዕድሜም ታላቄ የሆነ፣ የማከብረው ባልደረባዬ «ቲቸር፣ አበበ ቢቂላን ማን ስፖርት አስተማረው? ሩጫ በደማችን ነው እኮ!» ያለው። ስብሰባው ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። የናደደኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ስለዚህ መልሱን አሁን ልስጥ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። (የምርምሮቹ ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጋሼ፣ አበበን ያስተማረው ሰው ነበር። ኦኒ ኒስካነን ይባላል፣ ስዊድናዊ ነው። የክብር ዘበኛን የሰውነት ማጎልመሻ ሊያሰለጥን የመጣ፣ በአጭሩ የእኔ ቢጤ የስፖርት አስተማሪ። አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 የሮጠው ከመንደሩ ተነስቶ ዝም ብሎ አይደለም። ወታደር ነበር፣ አሰልጣኝ ነበረው፣ ፕሮግራም ነበረው፣ ሰዓት እየተያዘበት ተለማምዷል። እኛ ግን ባዶ እግሩን ብቻ ነው የያዝነው። ባዶ እግሩ ለወሬ ይመቻላ!

«በደም ነው» የሚለውን ነገር ደግሞ የፈረንጅ ተመራማሪዎችም ጠርጥረው እዚሁ ድረስ መጥተው አጥንተውታል። ያኒስ ፒትሲላዲስ የሚባል ተመራማሪ ያለበት የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ቡድን የብሔራዊ ቡድን አትሌቶቻችንን ዘረ መል ወስዶ ከተራው ሕዝብ ጋር አነጻጸረ። በእናት በኩል የሚወረሰውን መረመሩ፣ ሯጮቹ ከሌላው ኢትዮጵያዊ የተለየ የእናት ዘር የላቸውም። «የፍጥነት ጂን» እየተባለ የሚወራለትን ኤሲቲኤን3ንም አዩት፣ እሱም ለምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች ውጤት ማስረጃ ሊሆን አልቻለም። ኤሲኢ የሚባለውም እንዲሁ። አንድ ለሯጭነት የሚሰጥ ልዩ ደም ይገኛል ተብሎ ተፈልጎ አልተገኘም።

የተገኘው ምንድነው? በ2003 ያወጡት ሥራ ላይ ከ100 በላይ አትሌቶችን የት ተወለድክ፣ ትምህርት ቤትህ ምን ያህል ይርቅ ነበር፣ በምን ትሄድ ነበር ብለው ጠይቀዋል። የረጅም ርቀት ሯጮቻችን ከሌላው ሰው በበለጠ ከአርሲና ከሸዋ የመጡ ሆነው ተገኙ። ትምህርት ቤታቸው ከሌላው የራቀ ነበር፣ ብዙዎቹም ይሄዱ የነበረው እየሮጡ ነው። ኃይሌ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይማር እንደነበር፣ ደብተር የያዘበት እጁ እስከ ዓለም ሪከርዱ ድረስ ጎበጥ እንዳለ መቅረቱን የማያውቅ ሰው የለም። እንግዲህ ደሙን ተዉትና መንገዱን ተመልከቱ።

ልዋሽ አልፈልግም፣ ተፈጥሮ ምንም ድርሻ የለውም አላልኩም። በአሜሪካና በካናዳ «ሄሪቴጅ» የተባለ ጥናት ተደርጎ ነበር። ስፖርት የማይሠሩ ሰዎችን ከነቤተሰባቸው ሰብስበው 20 ሳምንት አንድ ዓይነት ልምምድ አሠሯቸው። የአንዳንዱ ሰውነት ኦክሲጅን የመጠቀም አቅም በጣም ጨመረ፣ የአንዳንዱ ግን ፈቀቅም አላለ። ከልዩነቱ ግማሽ የሚጠጋው በቤተሰብ የሚሄድ ነው ብለዋል። ይሄ እውነት ነው፣ እኔም በክፍሌ አየዋለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ማን እንደሚሻሻልና ማን እንደማይሻሻል ያወቁት ሁሉንም ካሮጡ በኋላ ነው። ክፍል ውስጥ ቁጭ አድርጎ የቱ ልጅ ምን እንዳለው ማወቅ አይቻልም። ባልደረባዬ «በደም ነው» ካለ እኮ ይበልጥ ሜዳው ያስፈልገናል ማለቱ ነው፣ ደሙ ያለበትን ልጅ ለማግኘት!

በቆጂን ተመልከቱ። 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ደራርቱ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ የወጡባት። ከፍታው ረድቷል፣ አልክድም። ግን በዚህ አገር ከፍታ ላይ ያለ ከተማ መች ጠፋ? በቆጂ ላይ የነበረው፣ ሌላው ጋ ያልነበረው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነው። ስንታየሁ ደግሞ ምን ነበር? የአንደኛ ደረጃ የስፖርት አስተማሪ። ያ ትምህርት ቤት ያኔ «ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ ስጥ» ቢለው ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሰዓቱ ቢጨመር ውጤት ይጨምራል የሚለውን ማን አረጋገጠላችሁ? በ1970ዎቹ ካናዳ ትሯ ሪቪየር በተባለ ቦታ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በየቀኑ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ስፖርት እንዲሠሩ ተደረገ። ሰዓቱ የተወሰደው ከሌሎች ትምህርቶች ላይ ነው፣ ማለትም የእኛ ውሳኔ ተገልብጦ። የልጆቹ ውጤት አልወደቀም፣ እንዲያውም ከጓደኞቻቸው የተሻለ ነበር። በ2009 ደግሞ ቻርልስ ሂልማን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ልጆችን 20 ደቂቃ በመሮጫ ማሽን ላይ አስኪዶ ፈተና ሰጣቸው። ዝም ብለው ቁጭ ካሉበት ቀን ይልቅ ትኩረታቸውም ንባባቸውም ተሻሽሎ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ 20 ልጆች ናቸው፣ አላጋንንም። ግን የእናንተ «ከስፖርት ይወሰድ» 1 ልጅ ላይም አልተሞከረም።

ለራሳችን ለመምህራንም ቢሆን... የለንደን አውቶቡሶችን ነገር ሰምታችኋል? ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም በ1953 ሾፌሮቹንና ቲኬት ቆራጮቹን አነጻጸረ። አንድ መኪና፣ አንድ መሥሪያ ቤት። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፣ ቲኬት ቆራጩ ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም ሾፌሮቹን ይበልጥ ያጠቃ ነበር፣ ሲይዛቸውም ይበልጥ ይገድላቸው ነበር። ሞሪስ ራሱ 99 ዓመት ኖረ። የእኛን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳይ ሾፌር ብቻ ነው የሚታየኝ።

አሁን ስለ ራሴ ልናዘዝ፣ ጥፋቱ የሌላው ብቻ እንዳይመስል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ለፈተና ሰሞን ክፍለ ጊዜዬን «እንካ ውሰድ» ብዬ በፈቃዴ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ደግ ለመባል። ስንት ቀን አንድ ኳስ ለወንዶቹ ወርውሬ ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጫለሁ። ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ሲያወሩ «ፈልገው ነው» ብዬ አልፌያለሁ። ስፖርት «የዕረፍት ሰዓት» መስሎ ከታያችሁ ያስመሰልነው እኛው ነን። ባለ ዲፕሎማ ነኝ፣ ዲግሪ የያዛችሁ ከእኔ የተሻለ ትሠሩ ይሆናል። ግን ክፍለ ጊዜውን ያቀለልነው አብረን ነው።

ያነቃችኝ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። መስከረም ላይ ሜዳውን ሁለት ዙር መጨረስ ያቅታት ነበር። ግድግዳውን ልቀቁ ብዬ ሴቶቹን ማስሮጥ ከጀመርኩ በኋላ አንድ ቀን መጥታ «ቲቸር፣ አንድ ዙር ስንት ሜትር ነው?» አለችኝ። ለክቼ ነገርኳት። ለካ ከደብተሯ ጀርባ ላይ ቀን እየጻፈች ዙሯን ትቆጥራለች። ሚያዝያ ላይ 11 ደርሳለች። ሻምፒዮን ትሆናለች አላልኩም፣ ሩጫዋም እንዲያ አይደለም። ክፍለ ጊዜው መወሰዱን በሰማች ማግስት ማረፊያ ክፍላችን በር ላይ ቆማ «እኔ ታዲያ የት ልሩጥ?» አለችኝ። ቤት ከገባች ውሃ መቅዳት አለ፣ ታናናሾቿ አሉ፣ ማታ ከእናቷ ጋር እንጀራ መሸጥ አለ። መንገድ ላይ ብትሮጥ የሰፈር ጎረምሳ አያስኬዳትም። ለዚያች ልጅ በሳምንት ያለችው ያቺው ሰዓት ናት። መልስ አልነበረኝም፣ «እስቲ እናያለን» ብዬ ሸኘኋት።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል። ድርጅቱ ባወጣው የ2016 መረጃ በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት 81 ከመቶው ይህን አያሟሉም፣ ሴቶቹ ደግሞ 85 ከመቶ። እኛ ጋ ድሮ በእግር ይመጣ የነበረው የከተማ ልጅ ዛሬ ባጃጅ ላይ ነው። አልፈርድም፣ ማንም ልጁ 10 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ አይፈልግም፣ ትምህርት ቤት ሩቅ መሆኑም የሚመሰገን ነገር አይደለም። ግን መንገዱ ቀረ፣ ሜዳውን ደግሞ እኛ ወሰድን። ታዲያ «ደሙ» ከምን ጋር ይሥራ?

ለቱቶሪያል ቅዳሜ ጠዋት አለ፣ ከ9 ሰዓት በኋላም አለ። እኔም መጥቼ ወረቀት ላርም፣ ተማሪ ልቆጣጠር፣ ያለ ክፍያ። ርእሰ መምህራችን ይህን ጽሑፍ እንደሚያነቡ አውቃለሁ፣ በአክብሮት ነው የምጠይቀው፣ ውሳኔው በደብዳቤ እስኪጸና ድረስ ፕሮግራሙ አልተቀየረም። ስለዚህ ሰኞ 4ኛው ክፍለ ጊዜ ላይ 10ሐን ይዤ ሜዳ ነኝ። ጋሼም ይምጡ፣ ሸራ ጫማ ከሌለዎት የኔን ትርፍ አመጣለሁ፣ ቁጥሩ 42 ነው።